ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

በስልካችን ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ምስል አለ። በአንድ በኩል ዝሆን ቆሟል። በሌላ በኩል ድንጋይ ላይ ድቡልቡል ያለ ሽኮኮ ተቀምጧል። ከስሩ «የዝሆን የቅርብ ዘመድ» ተብሎ ተጽፏል። ያየው ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ቀልድ ነው ብሎ ያልፋል። ተረቱስ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አይደል የሚለው? አራት ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ብዙ ሺህ ኪሎ ከሚመዝን ጋር ምን ያዛምደዋል?

ነገሩ እውነት ነው። ግን ብዙ ሰው እንደሚረዳው አይደለም። ሽኮኮ የተኮማተረ ዝሆን አይደለም፤ ከዝሆንም አልወረደም። ዝምድናው የገባን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ይሻላል፦ ከሽኮኮ ገላና ኑሮ ውስጥ ከጥንት የወረሰው የትኛው ነው፣ ቋጥኝ ላይ መኖር ያመጣበትስ የትኛው? እኔን የሚገርመኝ መልሱ ነው። «ይሄማ ቁርጥ ዝሆን ነው» የሚያሰኘው ጠባዩ ስለ ዝምድናው የሚነግረን ነገር የለም። ማንም ልብ የማይለው የፊት ጥርሱ ግን ብዙ ይናገራል።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። «ሽኮኮ» ሲባል ዛፍ ላይ የምትሯሯጠው ባለ ረጅም ጭራ እንስሳ የምትታየው ሰው አለ። እዚህ የማወራው ስለ እሷ አይደለም። ጭራ የሌለው፣ ገደልና ቋጥኝ ላይ በመንጋ የሚኖረው ነው የእኛ ባለታሪክ። ከሩቅ ሲታይ ጆሮው ያጠረ ጥንቸል ይመስላል። ክብደቱ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ተነስቶ፣ በኢትዮጵያ ተራሮች በኩል፣ እስከ ዓረቢያና ሶርያ ድረስ ይገኛል። ጀርባው ላይ ቢጫ ምልክት ያለው ሌላ ሽኮኮ አለ፤ ሌሊት ዛፍ ላይ የሚጮኹም አሉ። ሁሉም ቢደመሩ ከስድስት ዝርያ አይበልጡም።

ይህ እንስሳ ሰውን ሲያሳስት ነው የኖረው። ኦሪት ዘሌዋውያን ከሚያመሰኩት ጋር ቆጥሮታል። ሽኮኮ ፀሐይ ሲሞቅ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አያጣውም። ባዶ አፉን ሲያላምጥ ይቆያል። ይሁን እንጂ እንደ ላም የዋጠውን መልሶ አያመሰኳም። ስለ ስፔን ስምም የሚነገር ግምት አለ። የፊንቄ መርከበኞች እዚያ ሲደርሱ ጥንቸሉ ሁሉ በአገራቸው የሚያውቁት ሽኮኮ መሰላቸውና ምድሩን በሽኮኮ ስም ጠሩት ይባላል። በ1766 ፒተር ሲሞን ፓላስ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ከጊኒ ፒግ፣ ማለትም ከአይጥ ዘመዶች ወገን መደበው። ቀጥሎ ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪየር አጥንቱንና ጥርሱን መረመረና ከአውራሪስ ጋር አዛመደው። ዛሬ ላይ ሆኖ በኩቪየር መሳቅ ቀላል ነው። ሰውዬው ግን ቢያንስ ሽኮኮን ከአይጥ ወገን አውጥቶታል። ደግሞም የሽኮኮ መንጋጋ ጥርስ እውነትም የአውራሪስን ይመስላል።

ከዝሆን ጋር የሚያገናኙ ፍንጮች በአጥንት ጥናት ቀደም ብለው ታይተው ነበር። ክርክሩን የዘጋው ግን ዘረመል ነው። በ1998 ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ የአጥቢዎች ቤተሰብ አገኙና አፍሮቴሪያ የሚል ስም ሰጡት። የአፍሪካ አውሬዎች እንደማለት ነው። የቤተሰቡ አባላት ሲዘረዘሩ የተሳሳተ ሰርግ ላይ የተገኙ እንግዶች ይመስላሉ። ዝሆን አለ። ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ማናቲና ዱጎንግ አሉ። ምስጥ የሚበላው አዋልደጌሳ አለ። አሸዋ ውስጥ የሚኖረው ወርቃማ ፍልፈል አለ። አፍንጫው እንደ ኩምቢ ረዘም ያለ አይጥ መሳይም አለ። ሽኮኮም ከእነዚህ መሃል ነው።

ከቤተሰቡም ውስጥ ሦስቱ፣ ማለትም ዝሆን፣ የባሕር ላም የሚባሉት እነማናቲና ሽኮኮ፣ ይበልጥ ይቀራረባሉ። የጋራ ቅድመ አያታቸው የኖረው ከ60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሦስቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለተለያዩ፣ ለዝሆን ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ስለዚህ «የቅርብ ዘመድ» የሚለውን ቃል በልኩ እንያዘው። የሰውና የአይጥ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ75 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተሂዶ ነው። ሽኮኮና ዝሆን ከዚያ ትንሽ ይቀራረባሉ እንጂ የአክስትና የአጎት ልጆች አይደሉም። ሽኮኮን የዝሆን የቅርብ ዘመድ ያሰኘው፣ በመካከል የነበሩት ሌሎች ዘመዶች ሁሉ ማለቃቸው ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። የሽኮኮን የላይኛ ከንፈር ገለጥ ብታደርጉ ሁለት ሹል፣ ወደ ታች የተጎነበሱ ጥርሶች ታያላችሁ። ሲያዩዋቸው ክራንቻ ይመስላሉ። አይደሉም። የፊት ጥርሶች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም ያድጋሉ። የከርከሮው ረጅም ጥርስ ክራንቻ ነው። የዝሆኑ ግን ልክ እንደ ሽኮኮው የፊት ጥርስ ነው፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ያድጋል። አማርኛ ሌላ ስም ሳይፈልግ «የዝሆን ጥርስ» ማለቱ እዚህ ላይ ልክ ሆኖ ተገኘ።

እግሩንም እዩት። ሽኮኮ እንደ ድመት የተቆለመመ ጥፍር የለውም። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጠፍጣፋ፣ ትናንሽ ሰኮና የሚመስሉ ጥፍሮች ናቸው። ከፊት አራት፣ ከኋላ ሦስት ጣት አለው። ከኋላ እግሩ ጣቶች አንዷ ብቻ የረዘመች ጥፍር አላት፤ ፀጉሩን ያበጥርባታል። የዝሆንን እግር ከፊት ለፊት ያየ ሰው ያንን ጠፍጣፋ ጥፍር ያስታውሰዋል። ከማናቲዎችም መቅዘፊያ እጃቸው ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ጥፍር የቀረላቸው አሉ። ውሃ ውስጥ ጥፍር ምን ያደርጋል? ምንም። ከአያት የቀረ ዕቃ ነው።

ሌላው ውርስ ከውጭ አይታይም። የወንዱ ሽኮኮ የዘር ፍሬ ወደ ውጭ አይወርድም። ሆዱ ውስጥ፣ ኩላሊቱ አጠገብ ይቀራል። የዝሆንም እንዲሁ ነው።

እርግዝናውም አለ። ጥንቸል በአንድ ወር ገደማ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመጣሉ። ከጥንቸል ብዙም የማትበልጠው ሽኮኮ ግን ከ7 እስከ 8 ወር ታረግዛለች። ለዚህች ሚጢጢ ገላ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ጊዜ ነው። ዝሆን 22 ወር እንደምታረግዝ ልብ በሉ። የሽኮኮ ግልገል ሲወለድ ፀጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ነው። በተወለደ ዕለት ይሮጣል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሣር መቀንጠስ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጡንቻ ውስጥ የተገኘው ነው። ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን መያዝ ነው። ውሃ ውስጥ ጠልቀው የሚቆዩ አጥቢዎች ብዙ ማዮግሎቢን ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ፕሮቲን አንድ ቦታ ሲታጨቅ ግን ይጣበቃል። እነሱ ጋ ያለው ማዮግሎቢን የተለየ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋል እንጂ አይጣበቅም። በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ምልክት ተከትሎ ወደ ኋላ ቆጠረ። ከዚያም የዝሆን፣ የማናቲና የሽኮኮ የጋራ ቅድመ አያት ግማሽ ኑሮው ውሃ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ደረቅ ዓለት ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ የዋናተኛ ዘር መሆኑ ነው።

ደግሞ ሽኮኮ ሁልጊዜ ትንሽ አልነበረም። ግብፅ ፋዩም ውስጥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። በዚያ ዘመን የአፍሪካን ሣርና ቅጠል በብዛት የሚበላው የሽኮኮ ወገን ነበር። እንደ ድኩላ እግሩ ቀጠን ያለ ነበረ። ከአውራሪስ የሚስተካከልም ነበረ። ከወገኖቹ አንዳንዶቹ እስከ ቻይና ደርሰዋል። ኋላ የላምና የድኩላ ዘሮች ወደ አፍሪካ ሲገቡ ሜዳው ተወሰደ። የተረፉት ሌላው የማይወጣበት ቋጥኝና ዛፍ ላይ ያሉት ትናንሾቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ቤተሰባዊ ኑሯቸው እንሻገር፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው።

የሽኮኮ መንጋ እምብርት ሴቶቹ ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ እህት፣ አክስት አብረው ይኖራሉ። ሴቷ የተወለደችበት ቋጥኝ ላይ ትቀራለች። ወንዱ ከ16 እስከ 30 ወር ሲሞላው ይወጣል። ዝሆንም እንዲሁ ነው፤ ሴቶቹ ይቀራሉ፣ ወንዶቹ ይሄዳሉ። ታዲያ «አያችሁ፣ ደም ይስባል» ለማለት አፍ ይቸኩላል። አትቸኩሉ። አንበሳም እንዲህ ነው። ብዙ ዝንጀሮዎችም እንዲህ ናቸው። ይህ አኗኗር በአጥቢዎች ዘንድ ብዙ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ፣ ለየብቻው የተፈጠረ ነው። የዝምድና ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ አያስኬድም። ሽኮኮን በመንጋ ያሰረው ብርድ፣ ንስርና የድንጋይ ስንጥቅ ነው።

ከብርዱ እንጀምር። ሽኮኮ የገላውን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር አይችልም። ሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስንጥቁ ውስጥ ተጠጋግተው፣ አንዳንዴም ተደራርበው ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ዓለቱን ስትነካ አንዱ አፍንጫውን ብቅ ያደርጋል። ያያል፣ ያዳምጣል። ቀጥሎ ሌላው ይወጣል። ከዚያ ሁሉም ወጥተው ጎን ለጎን ይኮለኮላሉ። ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። እሽኮኮ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው! የቃሉ ሥር ከዚህ ይሁን አይሁን የሥነ ልሳን ሰዎች ይጨነቁበት፤ ለእኔ ገጥሟል። እስኪሞቃቸው ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ከሞቃቸውም በኋላ ያን ያህል አይንቀሳቀሱም። አብዛኛው ጊዜያቸው ዕረፍት ነው። ለመብላት የሚያጠፉት በቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ንስሩ ደግሞ አለ። የጥቁር ንስር አብዛኛው ምግብ ሽኮኮ ነው። ይህ ንስር ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ያድናል፤ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ መምጣት ይችላል። ለዚህ ሽኮኮ መልስ አለው። ዓይኑ ውስጥ፣ ከብሌኑ ከፍ ብላ፣ እንደ ቆብ ጥላ የምትከልል ትንሽ ሥጋ አለች። በእሷ የተነሳ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ዓይኑን ሳይጨፍን ማየት ይችላል። መንጋው ሲበላ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ዘብ ይቆማል። አንዲት ቀጭን ፉጨት ስትሰማ ሁሉም እንደ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ይፈሳል። ሲሮጥም አያዳልጠውም። የመዳፉ ሥጋ እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ላብም ያረጥበዋል። ቀጥ ያለ ዓለት ላይ ሲወጣ የተለጠፈ ይመስላል።

መንጋው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለግዛት ወንድ፣ በርከት ያሉ ሴቶችና ልጆቻቸው ናቸው። ሴቶቹ የሚወልዱት በአንድ ሰሞን ነው። ግልገሎቹ ተሰብስበው አብረው ይጫወታሉ። ጡት ላይ ግን ቀልድ የለም። ግልገል የየራሱን ጡት ይይዛል፣ ወንድሙ እንዲጠጋ አይፈልግም። ሄንድሪክ ሆክ የተባለ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሴሬንጌቲ ውስጥ ያጠናው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እዚያ ሁለት የተለያዩ የሽኮኮ ዝርያዎች አንድ ቋጥኝ ይጋራሉ። በአንድ ስንጥቅ ያድራሉ፣ ጠዋት ተደባልቀው ይሞቃሉ። ግልገሎቻቸውም አብረው ይውላሉ። ግን አይዳቀሉም። ምግባቸውም ይለያል፤ አንዱ ሣር ይበዛበታል፣ ሌላው ቅጠል። ሁለት የተለያዩ አጥቢዎች እንዲህ ገበናቸውን ሲጋሩ ማየት ብርቅ ነው።

በዚህ ቤት ወንዱ ጌታ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ እስራኤል ውስጥ በሙት ባሕር አጠገብ ዓይን ጋዲ ላይ የተሠራው ጥናት ሌላ ይላል። በ2006 የወጣ ውጤት የሴቶቹ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን የሚባለው) መጠን ከወንዶቹ እንደማያንስ አሳየ። በማዕረግም ሴቶቹ ከወንዶቹ በላይ ሆነው ተገኙ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሽኮኮዎችን ምልክት አድርገውባቸው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር መዝግበዋል። በ2011 ያሳተሙት ነገር ብዙ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኝ ነበር። በሽኮኮ መንጋ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የሚገኘው አንድ ታዋቂ አባል መሃል ላይ ሆኖ ሁሉም በእሱ በኩል በሚገናኝበት መንጋ አይደለም። ግንኙነቱ ለሁሉም ተቀራራቢ ሆኖ የተከፋፈለበት መንጋ ውስጥ ያሉ ትልልቆች ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። ምክንያቱን ለማረጋገጥ ያስቸግራል። ለብርድም ለንስርም ግን የሚያዋጣው የሁሉም መጠጋጋት መሆኑን ስናስብ ነገሩ ትርጉም ይሰጣል።

ወንዱም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይዘፍናል። ዋይታ አለ፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ድምፅ አለ፣ ማንኮራፋት የሚመስል አለ። እነዚህን እያፈራረቀ፣ ወደ መጨረሻው እየጋለ፣ ለደቂቃዎች ይቀጥላል። በ2012 የወጣ ጥናት ድምፆቹ የሚሰደሩበት ሥርዓት እንዳለ አሳይቷል። ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የአንዱ ሸለቆ ዘፈን ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ዘዬ አላቸው ማለት ነው። በ2022 ደግሞ አዘውትረው የሚዘፍኑና ምታቸውን ሳያዛንፉ የሚጠብቁ ወንዶች በሕይወት የሚተርፉላቸው ልጆች እንደሚበዙ ታየ።

አብሮ መኖር ዋጋም ያስከፍላል። ብዙ ሽኮኮ ለዘመናት አንድ ስንጥቅ ውስጥ ሲኖር፣ በዚያው ስንጥቅ የአሸዋ ዝንብም ይራባል። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋ ቁንጭር የተባለውን የቆዳ በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ተደብቆ የሚቆየው ሽኮኮ ውስጥ ነው። ሰው በሽታው የሚይዘው ሽኮኮ በመንካት ሳይሆን በዝንቧ ንክሻ ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ለመንገድና ለቤት ግንባታ ተቆፍሮ የተከመረ ድንጋይ አዲስ መንደር ሆነላቸው። ሽኮኮዎቹ ወደ ሰው ቤት ቀረቡ፤ ዝንቧና በሽታው አብረው ቀረቡ። ሽኮኮ ጥፋተኛ አይደለም። ለሽኮኮ የድንጋይ ክምር ቋጥኝ ነው፤ ማን ከመረው አይልም።

አንድ ቦታ አለመልቀቃቸው ለሳይንስም በጅቷል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠቀምበት የጋራ መጸዳጃ አለው። ሽንታቸው ገደሉ ላይ ነጭ ጅረት የመሰለ ምልክት ይተዋል። ሲደርቅና ሲደራረብ እንደ ሙጫ ይጠጥራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ ክምር ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ንብርብሩን እየላጡ በውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ ይለቅማሉ። የትኛው ዘመን ዝናባማ፣ የትኛው ደረቅ እንደነበር ከዚያ ያነባሉ። ስንት ትውልድ እዚያው ቦታ እንደሸና ስታስቡት፣ የአያት ቤት ማለት ይኼ ነው።

የዘመዶቹ ዝርዝርም ገና አልተዘጋም። የዛፍ ሽኮኮዎች በአብዛኛው ሌሊት ነው የሚንቀሳቀሱት። ለዓይን ያስቸግራሉ፣ ለጆሮ ግን አይደበቁም። በምዕራብ አፍሪካ ከቮልታ ወንዝ በስተ ምዕራብና ከኒጀር ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያሉት ረጅም ዋይታ ያሰማሉ። በሁለቱ ወንዞች መካከል፣ ማለትም ከምሥራቅ ጋና እስከ ምዕራብ ናይጄሪያ ባለው ደን ውስጥ ያሉት ግን እንደ ውሻ ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ ይጮኻሉ። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ሲሰሙ ወደ የራስ ቅልና ወደ ዘረመል ሄዱ። በ2021 አዲስ ዝርያ ነው ብለው አሳተሙ። ስሙንም ከሁለቱ ወንዞች መካከል የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል አወጡለት።